ዘፈኑ የተዘለለበት ፊልም

ውድ ምስክር፣

ሰው ፊት «አባ» እንደምልህ ታውቃለህ። ለካህን የሚገባውን ክብር ነፍጌ አላውቅም። በዚህ ወረቀት ላይ ግን «አንተ» ልበልህ። «እርስዎ» እያልኩ ጀምሬው ነበር፤ ሳነበው ለወረዳ የምጽፈው ማመልከቻ መሰለኝና ቀደድኩት።

እኅትህ ገበያነሽ ባለፈው ገበያ የበግ ጠጉር ባናዋን ሸጣ እንደ ጨረሰች ሱቄ ገብታ ተቀመጠች። ወሬ ሲኖራት ምን እንደምትሆን ታውቃታለህ፤ ነጠላዋን ታወልቃለች፣ መልሳ ትለብሳለች። ሻይ ሰጠኋት። አልጠጣችም።

«ወንድሜ ሊመነኩስ ነው» አለችኝ። «ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ገዳም ይገባል። ለእታገኝ ንገሪያት ብሎኛል።»

«ምን ብለሽ ንገሪያት አለ?»

«‹ባለቤቴ ጌታነሽ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ሊደፍን ነው። እታገኝ ምንም አላለችም። እንደዚያች እንደ ፊልሟ ልጅ ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን እንደ ምርቃት ቆጥሬዋለሁ› ነው ያለው። የምን ፊልም ነው ደግሞ?»

የድሮ ፊልም ነው ብዬ ሸኘኋት። እሷ ስትወጣ ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ ያለቀስኩት ስለናፈቅኸኝ ነው። ቀጥሎ ያለቀስኩት በንዴት ነው። ምርቃት? እኔ መቼ ነው የመረቅሁህ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል፣ ማንም የማይጋግረው ዱቄት። ስለዚህ ቆብ ከመድፋትህ በፊት አፍ አውጥቼ የምነግርህ ነገር አለኝ። ነገርን ከሥሩ ነውና ከፊልሙ ልጀምር፤ ያነሣኸው አንተ ነህ።

የአባዬን ቪዲዮ ቤት አትረሳውም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው የጭቃ ቤት፣ አግዳሚ የተደረደረበት፣ ሰዉ በብርድ እግሩን እንዲያሞቅ ወለሉ ላይ ጭድ የምንጎዘጉዝለት። ዛሬም የምጽፍልህ እዚያው ቤት ተቀምጬ ነው። ግድግዳው ተለስኗል፣ አግዳሚዎቹ ወጥተው ባንኮኒ ገብቷል፣ እኔም መብራት ሲኖር ለሰው መዝሙርና ፊልም በሜሞሪና በፍላሽ እጭናለሁ። አባዬ ካረፉ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ግድግዳውን ተደግፈህ የምትቆምበት ጥግ ግን አሁንም ባዶ ነው፤ ዕቃ አላስቀመጥኩበትም። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ግድግዳው ይረጥባል እላለሁ። አይረጥብም።

ፊልሙ የህንድ ነው። ርእሱ በማናውቀው ፊደል ስለተጻፈ ከተማችን መሐል ሜዳ በሙሉ «ባለ ፋኖሱ» ይለው ነበር። በአንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ ፋኖስ እያሳየ ባቡር የሚያሳልፍ ድሃ ልጅ አለ። አንዲት የባለርስት ልጅ አለች። ይዋደዳሉ። አባቷ ለሌላ ያጫታል። በመታጨቷ ቀን በእንግዳው ሁሉ ፊት ተነሥታ ትጨፍራለች፣ ልጁም ከሎሌዎቹ ጋር በር ላይ ቆሞ ያያታል። የፊልሙ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ጭፈራ ላይ ነው። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዐሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እያነበብኩ ለሰው የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። «ጣቢያው ዐይን ይበዛበታል፤ ጎህ ሲቀድ በአሮጌው ጉድጓድ እጠብቅሃለሁ፤ ሰምተኸኛል ወይ?» ነው የምትለው። ሰምተኸኛል ወይ የሚለው አዝማቹ ነው፤ ደጋግማ ደጋግማ ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ እሷ ሄዳለች፤ ልጁ ጣቢያው ላይ ሲጠብቃት ይኖራል።

ካሴቱን አባዬ ከደብረ ብርሃን ነበር ያመጡት፣ የቅጂ ቅጂ። የቀዳው ሰው ካሴቱ ሲያልቅበት የቀረውን ትቶታል። ስለዚህ ልጁ ሸብቶ፣ ያንኑ ፋኖስ ይዞ ጣቢያው ላይ ቆሞ፣ የባቡሩ መብራት ከሩቅ ብቅ እንዳለ ቴሌቪዥኑ ጭርር ይላል። መጨረሻ የሚባል ነገር የለውም። ያኔ አባዬ ይነሡና ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው መጨረሻውን በአፋቸው ይናገራሉ። «ባቡሩ ቆመ። ልጅቷ ወረደች። በተክሊል ተጋቡ። በሉ በሰላም ግቡ።» ሰዉም እሰይ እያለ ይወጣል። ህንድ በተክሊል ይጋባል ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ቢጠይቃቸውም የሚመለሱ ሰው አልነበሩም።

የጾሙ ፊልም ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ቅጂ ህንድም አገር አይገኝም። የአባዬ የነፍስ አባት መምህር መልከ ጼዴቅ ቤታችን መጥተው «ወዳጆ፤ ሰው ሰብስበህ ፊልም ማሳየትህን አልከለክልህም፣ እንጀራህ ነው። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ዘፈን ከደጅህ እንዳይሰማ» አሏቸው። አባዬ እሺ አሉ። የነፍስ አባታቸውንም አላስቀየሙ፣ ሱቃቸውንም አልዘጉ። ሪሞቱን ጨብጠው ዴኩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከበሮው ሊመታ ሲል ይጫኑታል። ድምፁ ጥፍት ይላል፣ ምስሉ ላይ ነጫጭ መስመር ይወርድበታል፣ ዘፋኞቹ ቤቱ እንደ ፈረሰበት ጉንዳን ይራወጣሉ። ጭፈራው አብቅቶ አንዱ አፉን ለንግግር ሲከፍት ይለቁታል። በር ላይ ደግሞ በጠመኔ «የጾም ፊልም፤ ዘፈን የለውም» ብለው ጽፈው ይሰቅላሉ።

አንተን ወደዚያ ቤት ያስገባህ ያ ጠመኔ ነው። ከራቤል ለትምህርት የመጣህ ዲያቆን፣ ቪዲዮ ቤት ገባ ከተባልክ የምትዋረድ፣ ዘፈን የለውም ሲባል ከጓደኞችህ ጋር ሹልክ ብለህ ገባህ። ካለቀ በኋላ ሰዉ ሲወጣ ቀርተህ መጀመሪያ ያልከኝን ታስታውሳለህ?

«እኅቴ፤ ልጅቷ ግን ለምንድን ነው ምንም ሳትነግረው የሄደችው?»

«ነግራዋለች እኮ» አልኩህ።

«የቱ ጋ?»

«ዘፈኑ ውስጥ።»

«ዘፈን የለውማ።»

ሳቅሁብህ። አንተ አልሳቅህም፤ በልጁ ፈንታ ተቆጥተህ ነበር። እኔ ደግሞ በልጅቷ ፈንታ ተቆጣሁ። ፋሲካ ሲሆን መጥተህ ስማው ብልህ፣ ዘፈን ያለበትማ አልገባም አልከኝ። ክርክሩ በዚህ ተጀመረና እኔና አንተን ያገናኘን እሱ ሆነ። ጾሙ ሳያልቅ አባዬ ድሮ ጾመ ድጓ መማራቸውን ሰማህና ዜማህን እንዲያርሙልህ ቤታችን መምጣት ጀመርክ። አባዬ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ «ከፍ፣ አሁን ደግሞ መለስ» ሲሉህ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ገብስ እየለቀምኩ እሰማሃለሁ። ስትወጣ እስከ አጥሩ እሸኝሃለሁ። አጥሩ ጋ ስንደርስ እንደገና ስለ ልጅቷ እንከራከራለን። የምንከራከረው ስለ ህንድ አልነበረም። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር።

ያን ጊዜ እንዴት እንደምወድህ ነግሬህ አላውቅም። አሁን ልንገርህ። ቅዳሜ ማታ ልብሴን አጥቤ በውርጭ ሳይደርቅ ሲቀር እሑድ እርጥቡን ለብሼ ቅዳሴ የመጣሁበት ጊዜ ነበር፤ ስትቀድስ ድምፅህን ላለማጣት ነው። እናቴ ሳንባዬን እንዳይበርደኝ ትጮህብኝ ነበር። ዲያቆን ለዘላለም ዲያቆን አይሆንም፣ ቄስ ለመሆን ሚስት ያስፈልገዋል፣ ያቺ ሚስት እኔ ነኝ ብዬ ጨርሼ ነበር።

ከዚያ የራቤል ሰዎች መጡ። የደብሩ ቄስ አጎትህ አርጅተዋል፣ መቅደሱ ሊዘጋ ነው፣ ልጃችን ይምጣና ቅስና ይቀበል አሉ። መጀመሪያ ማግባት ነበረብህ። ሽማግሌዎቹ ስለ እኔ ሰምተው ያሉትን ገበያነሽ ነግራኛለች። «የቪዲዮ ቤት ልጅ የካህን ሚስት አትሆንም» ነው ያሉት። በጾም ከዚህ ቤት ዘፈን እንደማይሰማ አስቦ የጠየቀ አልነበረም። አንተም አልተከራከርክም። ስለ ህንዷ ልጅ ስንት ቀን የተከራከርከኝ ሰው ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈስክም።

በዚያው ዓመት በጥምቀት ታቦቱ ሲመለስ ሴቶቹ መሐል ገብቼ ገጠምኩ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። አንተ ከታቦቱ ኋላ ጥላ ይዘህ ነበር። ከበሮው ረገብ ሲል ጠብቄ አወጣሁት፦

«ባለ ፈረስ መጣ፣ ባለ በቅሎ መጣ፣
አንተ ሳትመለስ ከቤት አልወጣ።»

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ደጋግመን አልነው። አንተ ዞር አላልክም፤ ታቦት ያጀበ ዲያቆን ዞሮ ሴት አያይም፣ ይህን አልወቅስህም። በማግሥቱ አጥሩ ጋ መጥተህ ስትሰናበተኝ «ትናንት የገጠምኩትን ሰማኸው?» አልኩህ። «ከበሮው በዝቶብኝ ምንም አልሰማሁም» አልከኝ። አመንኩህ። ማመን ፈልጌ ነበርና።

ጠበቅሁህ ብዬ አልዋሽህም። ከቤት አልወጣም ያልኩት ሴትዮ ወጥቻለሁ። አስፋው የሚባል ሹፌር አግብቼ እንደነበር ታውቃለህ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልቡ ደብረ ብርሃን ነበር፣ የእኔም ልብ የት እንደነበረ ይኸው እየጻፍኩልህ ነው። በሽማግሌ ተለያየንና አባዬ ቤት ተመለስኩ።

ሲዲ የመጣ ሰሞን ደግሞ አንተ ለቤተ ክህነት ስብሰባ መሐል ሜዳ መጣህ። ጠምጥመሃል፣ ጢምህ አድጓል። ሱቁ በር ላይ ቆምክ። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳትጨርስ «መጨረሻውን አየሁት» አልከኝ። ራቤል አንድ አስተማሪ በሲዲ አሳይቶህ ነው። «ባቡሩ ቆመ፤ ማንም አልወረደም። ሽማግሌው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ አሳለፈው። በቃ። ልጅቷ አልመጣችም። ሳትነግረው ሄደች፣ ሳትነግረው ቀረች።»

«ዘፈኑስ?» አልኩህ።

«በሲዲውም ዘፈን የለውም።»

አላመንኩህም፣ ስትሄድ ሲዲውን ፈልጌ ገዛሁት። እውነትህን ነው። አንደኛው ሲዲ ልጅቷ ለጭፈራ ብድግ ስትል ያልቃል፤ ሁለተኛው ሲጀምር ነግቷል፣ እሷ የለችም። ነጋዴው ቦታ አልበቃ ሲለው ትልቁን ዘፈን ቆርጦ ጥሎታል። ተመልከት እንግዲህ፤ የእኔ ካሴት ዘፈን አለው፣ መጨረሻ የለውም። የአንተ ሲዲ መጨረሻ አለው፣ ዘፈን የለውም። ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ይዘን አየነው እንላለን። ለአባዬ ብነግራቸው «ሲዲው ውሸት ነው፤ ተጋብተዋል» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።

እኔም የማልነቃነቅበት ነገር ነበረኝ። ልጁ አልሰማትም እል ነበር። ወዷታል፣ ግን አልሰማም፤ ቢሰማ ኖሮ ጉድጓዱ ጋ ይደርስ ነበር። ይህን ስል የማወራው ስለማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ምስክር አልሰማም፤ ከበሮው በዝቶበት ነው። ስንት ክረምት በዚህ ተጽናንቻለሁ። አልፈለገኝም ከማለት አልሰማኝም ማለት ይቀላል፤ ሰው በዚያ ላይ ተኝቶ ሊያድር ይችላል።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። የጓሮ ክፍሌን ለአንዲት አስተማሪ አከራይቻለሁ፣ ቤተል ትባላለች፣ እንግሊዝኛ ነው የምታስተምረው። ለገና አዲስ አበባ ወርዳ ስትመለስ በፍላሽ ያ ፊልም ይዛልኝ መጣች። ስለሱ ሳወራ ሰምታኝ ነው የፈለገችው። የድሮው የሲኒማ ጥቅል ተገኝቶ፣ ታጥቦና ታድሶ፣ ምንም ሳይቆረጥ የወጣ ነው አለችኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእሷ ላፕቶፕ ከፈትነው። ቀለሙን ብታየው። ልብሷን ቡናማ ነው ስል የኖርኩት ቀይ ነው።

ዘፈኑ መጣ። ሙሉው። ሰምተኸኛል ወይ ስትል እኔም አብሬ አልኩ፤ ቤተል ሳቀችብኝ። ከዚያ ካሴቱ ላይ ወደ ጣቢያው የሚዘለው ቦታ ጋ ስንደርስ ፊልሙ አልዘለለም። በካሴቱም በሲዲውም የሌለ ነገር መጣ። ጎህ ሊቀድ ነው። ልጅቷ ጓዟን ጭኗ ላይ አድርጋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ከዛፉ ኋላ ቆሟል። ያያታል። እጁን ቢዘረጋ ይነካታል። ከሩቅ ባቡሩ ይጮሃል። ፋኖሱን ያያል። እሱ ጣቢያው ላይ ካልደረሰ በዚያ ባቡር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምን እንደሚሆን ፊቱ ላይ ይነበባል። ብርሃኑን እንዳታየው ፋኖሱን እፍ ብሎ ያጠፋዋል። ቀስ ብሎ ይመለሳል።

«ለካ ሰምቷታል» አለች ቤተል።

መልሺው አልኳት። መለሰችው። እንደገና መልሺው አልኳት። ደጋግማ ስትመልሰው ምን ሆነሽ ነው በሚል ዐይን አየችኝና ሻይ ልታፈላ ተነሣች፣ ዐዋቂ ልጅ ናት።

የዚያን ዕለት ነው ጌታነሽ ትዝ ያለችኝ፣ ነፍሷን ይማርና። ከመታመሟ በፊት ገበያ መጥታ መዝሙር ላስጭን ብላ ሱቄ ገብታ ነበር። ሜሞሪውን እስክጭንላት ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና «ባለ ፈረስ መጣ፣ ባለ በቅሎ መጣ ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ» አለችኝ። ቂም የለባትም፣ ፈገግ ብላ ነው። «የልጅነት ነገር ነው» አልኳት። «ያማረ ግጥም ነው» አለችኝና ወጣች። ገበያነሽ ነግራት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ኋላ ገበያነሽን ብጠይቃት ግጥሙን ጨርሶ አታውቀውም። የዚያን ጊዜ ጥምቀት ከራቤል ሰው የነበረው አንተ ብቻ ነበርክ።

ስለዚህ ሰምተሃል። ቃል በቃል ሰምተህ፣ ለሚስትህ እስክትነግራት ድረስ ይዘኸው ኖረሃል።

አልፈርድብህም። ያ መቅደስ ሊዘጋ ነበር፤ የራቤል ሰው ሕፃኑን ክርስትና የሚያስነሣለት፣ ሬሳውን የሚፈታለት ሊያጣ ነበር። ፋኖሱን ይዘህ ተመለስክ። የባቡሩ ሰው ተርፏል፣ ደግ አደረግህ። ጌታነሽንም አክብረህ ይዘሃታል፣ ይህን አገሩ ይመሰክራል፤ ለቅሶዋ ላይ ሴቶች መሐል ተቀምጬ ያለቀስኩት የምሬን ነው። ያኔ ልትቀብራት የቆምክበትን ፊት ሳይ ሄጄ ልይዝህ ፈልጌ ነጠላዬን ተከናንቤ ባለሁበት ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ሐዘንተኛ ላይ የምን ነገር ማምጣት ነው ብዬ ነው፤ ካህን ላይ ደግሞ የባሰ። ዝም ያልኩት ስላከበርኩህ ነው እንጂ ሂድ ስልህ አልነበረም።

አንተ ግን ዘፈኑን ሰምተህ፣ ከዛፉ ኋላ ቆመህ አይተህ፣ ተመልሰህ ስታበቃ «ምንም ሳትነግረኝ ሄደች» ማለት አትችልም። ያን ያህል ጊዜ የተከራከርከኝ፣ ልጅቷን ከሃዲ ያደረግካት፣ ሰምቼ ነው የተመለስኩት ማለት ስለከበደህ ነው። አሁንም ያንኑ እየደገምክ ነው። እታገኝ ዝም አለች፣ መረቀችኝ፣ ገዳም ገባሁ ልትል ነው። ምስክር፣ አልመረቅሁህም።

ይኸው ዝምታዬን አፈረስኩት። ናፍቀኸኛል። የድሮው ዲያቆን አይደለም የናፈቀኝ፤ ጢሙ የሸበተው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ አሁን ያለኸው ሰው ነህ። ከእኔ ጋር እንድትኖር እፈልጋለሁ። ማታ በሩን ዘግቼ ስገባ የሚያስልብኝ ሰው ውስጥ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ ካገባ ክህነቱ እንደሚቀር ከአንተ ይልቅ እኔ እንደ ውዳሴ ማርያም አጥንቼዋለሁ። ተክሊል አይደገምም፤ በሽማግሌ ይሆናል። መቅደስ የለመደ እግር ከቅኔ ማኅሌት ወዲያ እንዳያልፍ ሲከለከል ምን ያህል እንደሚያመው እገምታለሁ፣ ቀላል ነው አልልህም። ሰውም ይናገራል። የራቤል ሰው በእኔ ይናገራል፣ የመሐል ሜዳ ሰው በአንተ ይናገራል። የጓሳ ሣር እንኳ ለዓመታት ተዘግቶ ተዘግቶ አንድ ቀን ለአጫጅ ይከፈታል፤ እኛ ስንዘጋ ኖርን። አሁን መቅደሱ ላይ ወጣት ቄስ እንደተተካ ገበያነሽ ነግራኛለች። ባቡሩ የሚያሳልፈው ሌላ ሰው አግኝቷል።

ገዳሙን የምትፈልገው ለእግዚአብሔር ብለህ ከሆነ ግባ። ከእግዚአብሔር ጋር የምፎካከር ሴት አይደለሁም፣ ያንን ያህል አላበድኩም። የምትገባው የሚጠብቅህ ሰው የለም ብለህ ከሆነ ግን አለ። ልዩነቱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። እኔን ሰበብ አታድርገኝ፤ የምለምንህ ይህንን ነው።

መልስህን በገበያነሽ አትላክብኝ። ይህንን ወረቀት ታደርስልህ፣ ይበቃታል። እኔ ራሴ እመጣለሁ። ጾሙ ሲፈታ፣ በትንሣኤው ሳምንት፣ በጠዋቱ የራቤል መኪና ተሳፍሬ እመጣለሁ። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ እስኪከፈት እጠብቅና እመጣለሁ። ግጥም አልገጥምም፣ ሰው መሐል ተደብቄ አልናገርም። ፊት ለፊትህ ተቀምጬ በአማርኛ እነግርሃለሁ፣ አንተም እሺ ወይም አይሆንም ትለኛለህ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ካህን ሰው ሲመጣበት እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል፣ መስቀሉን ያወጣል፤ ልማድ ነው፣ አስበህ አታደርገውም። ካወጣኸው እኔም እንደ ማንኛዋም ሴት ጎንበስ ብዬ መሳለሜ አይቀርም፣ ከተሳለምኩ ደግሞ «ይፍቱኝ አባ» ብዬ ዝም ነው የምለው፣ ሌላ ቃል አይወጣኝም። ስለዚህ ስታየኝ መስቀልህን አታውጣ። ተቀመጪ በለኝና እስክጨርስ ስማኝ። መልስህ አይሆንም ከሆነ ያን ጊዜ አውጣው። ተሳልሜው በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ።

እታገኝ ወዳጆ
መሐል ሜዳ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን